አባታችን ተራውን እየጠበቀ ነው፤ እኛም አብረነው



ስለ ወላጅ ሐቅ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ሰምተናል። አብዛኛው ግን ወይ ስለ ጤነኛ ወላጅ ነው፣ ወይ ደግሞ ከዱንያ ከሄደ በኋላ ስለሚደረግለት ዱዓና ሶደቃ ነው። ዛሬ የምንጽፍላችሁ በሁለቱ መሐል ስላለው ጊዜ ነው። ወላጅ ታሞ፣ የበሽታው ስም ታውቆ፣ ሕክምናው ተወስኖ፣ ቀኑ ግን ገና ሳይደርስ ስላለው ጊዜ።

አባታችን የሳንባ ካንሰር አለበት። ለኦፕራሲዮን ቀጠሮ ተይዞለታል። ይህን ስንጽፍ 12 ቀን ይቀረዋል።

አራት ልጆች ነን። ታላቃችን ሪያድ ይሠራል፣ እህታችን አዲስ አበባ ባለትዳር ናት፣ ሁለታችን ኮምቦልቻ ከወላጆቻችን ጋር ነን። ይህን ጽሑፍ አራታችንም ተነጋግረንበት ነው የጻፍነው። እንዲህ ያለ ነገር ነገ የማንም ቤት ሊመጣ ይችላል፤ የመጣ ቀን ደግሞ ሰው ረጋ ብሎ ለማሰብ ጊዜ አያገኝም። እኛ በእነዚህ ሳምንታት የተረዳነው አንድ ነገር ቢኖር መጠበቅ ማለት እጅ አጣጥፎ መቀመጥ እንዳልሆነ ነው። ሶብር ሥራ አለው። የመጀመሪያው ሥራ ደግሞ ለታመመው ሰው እውነቱን መንገር ነው።

ሳሉ እንዴት ጀመረ

አባታችን 66 ዓመቱ ነው። ዕድሜውን የኖረው መሪ ይዞ ነው። በወጣትነቱ ከአሰብ ወደብ እስከ አዲስ አበባ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። በ1990 ጦርነቱ ተነሥቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ወደ ጅቡቲ መስመር ዞረ። የአፋርን በረሃ በሌሊት የሚያቋርጥ ሹፌር እንቅልፉን የሚያባርረው በጫትና በሲጋራ ነበር። አባታችንም ከ30 ዓመት በላይ አጨሰ። የተወው ሐጅ ባደረገበት ዓመት ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። አልሐምዱሊላህ፣ ከዚያ ወዲህ አልነካውም።

ሳሉ የጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ፤ ቀጥሎ የሳንባ ምች። ከዚያ የቲቢ መድኃኒት ተጀመረለት። በአገራችን ቲቢ ብዙ ስለሆነ የሚያስል፣ የሚከሳና ሌሊት የሚያልበው ሰው ሲመጣ ቶሎ የሚታሰበው ቲቢ ነው። የሳንባ ካንሰር ምልክትም ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል። መድኃኒቱን ሁለት ወር ወስዶ ሳሉ አልቀነሰም፤ አክታው ደም መቀላቀል ጀመረ። አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈለት። ሲቲ ስካን ሲነሣ በቀኝ ሳንባው የላይኛው ክፍል እብጠት ታየ። ናሙና ተወሰደ፤ ውጤቱ ካንሰር ሆነ።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልን። የቲቢ መድኃኒት እየወሰደ የማይሻለው ሰው፣ በተለይ ዕድሜው ከገፋ ወይም ያጨሰ ከሆነ፣ እስኪጨርስ ተብሎ አይተውም። ተመልሶ ይታይ።

የሳንባ ካንሰር በዓለም ላይ ከካንሰሮች ሁሉ ብዙ ሰው የሚገድለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ወደ 2.5 ሚሊዮን ሰው ተይዞበታል፤ 1.8 ሚሊዮን ያህል ሞቶበታል። ከሚገድልባቸው ምክንያቶች አንዱ ዘግይቶ መታወቁ ነው። ኦፕራሲዮን ለሁሉም በሽተኛ አይደረግም። በሽታው ገና ሳይሰራጭ ከተገኘና የሰውየው ትንፋሽ የሚችል ከሆነ ነው የሚደረገው። ሐኪሞቹ እንዳስረዱን ቀኝ ሳንባ ሦስት ክፍል አለው፣ ግራው ሁለት። የአባታችንን የታመመውን አንዱን ክፍል በአጠገቡ ካሉት ንፍፊቶች ጋር ያወጡታል፤ የቀሩት ሥራውን ይሸከማሉ። ስለዚህ "ኦፕራሲዮን ይደረግለታል" የሚለውን ስንሰማ ብናለቅስም ቃሉ ራሱ ኒዕማ ነበር። ብዙ ሰው ይህን አያገኝም።

እንንገረው ወይስ እንደብቀው?

የውጤቱን ወረቀት የተቀበለችው እህታችን ናት። አባታችን ኮሪደር ላይ ወንበር ይዞ ተስቢሑን እየቆጠረ ነበር።

ልማዳችንን ታውቁታላችሁ። ቤተሰቡ ይሰማል፣ ጎረቤት ይሰማል፣ በሽተኛው ግን አይሰማም። ለእሱ "ትንሽ ቁስል ናት"፣ "ውኃ ቋጥሮ ነው" ይባላል። ካንሰር የሚለው ቃል ራሱ "ያ በሽታ" እየተባለ ነው የሚነሣው። ታላቃችን ከሪያድ ደውሎ "አደራችሁን እንዳትነግሩት፤ ከበሽታው በፊት ፍርሃቱ ይገድለዋል" አለ። እህታችን ደግሞ "ደረቱን ሊከፍቱት ነው፤ ምን እንደሚደረግበት ሳያውቅ በምኑ ላይ ነው የሚፈርመው?" አለች። ሦስት ሌሊት በስልክ ተከራከርን። የሁለቱም ንግግር ከፍቅር የመጣ ስለሆነ ክርክሩ ከባድ ነበር።

በመጨረሻ የሰፈራችንን ኢማም ጠየቅን። ሸኹ ብዙ አልተናገሩም። "ዐቅሉ ሙሉ የሆነ ሰው ነው። ገላው በእጁ ያለ አማና ነው። ያለበትን ዕዳ የሚያውቀው እሱ፣ ወሲያውን የሚናገረው እሱ፣ ተውበቱን ከጌታው ጋር የሚያድሰው እሱ። በሽታውን ስትደብቁት እነዚህን ሁሉ ነው የምትደብቁበት። ንገሩት፤ ግን ተስፋውን ቆርጣችሁ አትንገሩት" አሉን። ታላቃችን ይህን ሲሰማ ረጅም ዝም አለ። ከዚያ "እኔ በስልክ አብሬ ልሁን" አለ።

የነገርነው ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። እናታችን አጠገቡ፣ ታላቃችን በስልክ፣ የተናገረችው እህታችን ብቻ። "አባ፣ ውጤቱ መጥቷል። የሳንባ ካንሰር ነው። ሐኪሞቹ በጊዜ ተገኝቷል፣ ማውጣት እንችላለን ብለዋል። ኢንሻአላህ ቀን ይሰጡሃል" አለችው። ዝም አለ። እኛም ዝም አልን። "መኪና ሰው ሳያየው ነው ውስጥ ለውስጥ የሚበላሸው" አለ ቆይቶ። ከዚያ "ስንት ሳምንት አለኝ እስከዚያ?" ብሎ ጠየቀ። ሰባት ሳምንት ገደማ አልነው። "በሉ ደብተርና እስኪርቢቶ አምጡልኝ" አለ።

በዚህ ውስጥ ያለፈ ቤተሰብ ካለ የጠቀመንን እንንገራችሁ። የሚናገረው አንድ ሰው ይሁን። የበሽታው ስም ሲነገር ሐኪም ሊያደርግ የሚችለውም በዚያው አፍታ አብሮ ይነገር። "ምንም አይደለም፣ መቶ በመቶ ትድናለህ" አይባል፤ ያ ነገር በአላህ እጅ ነው፣ በሽተኛውም ያውቀዋል። ያልጠየቀውን አትጫኑበት። ዝም ካለ ዝምታውን ተዉለት። ጥያቄው የሚመጣው በማግሥቱ ነው፤ የአባታችን ጥያቄ የመጣው ከሱብሒ በኋላ ነበር፣ አምስት ሆኖ። ጽፈን ለሐኪሙ ወሰድንለት።

ደብተሩ

ያን ቀን አባታችን የጻፈው ስለ በሽታው አልነበረም። በአንድ ገጽ ላይ ያበደረውን፣ በሌላው ያለበትን ጻፈ። ያለበት አጭር ነበር። ሦስተኛው መስመር ላይ ግን አንድም ቀን ሰምተነው የማናውቀው ስም ነበር። በአሰብ መንገድ ዘመን አብሮት ይነዳ የነበረ ሹፌር። አባታችን በረሃ ላይ መኪናው ካምቢዮው ተሰብሮ ሲቀር ያ ሰው ለማሠሪያ 1,800 ብር አበድሮት ነበር። ሳይመለስለት ጦርነቱ መጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ሰዎቹ ተበታተኑ። ቆይቶ ሰውየው መሞቱን ሰማ። ቤተሰቡን የት እንደሚያገኝ አላወቀም። "ይህን ይዤ ማደንዘዣ ውስጥ አልገባም" አለን።

ፍለጋው ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ሚሌ ደወልን፣ ሎጊያ ደወልን፣ ጡረታ የወጡ ሹፌሮችን አንድ በአንድ ጠየቅን። ልጁ ባቲ ውስጥ ተገኘች፤ ሴት ናት፣ ትንሽ ሱቅ አላት። አሁን 1,800 ብር ምን ይገዛል? ሸኹን ጠየቅናቸው። ዕዳው የተበደረው ቁጥር መሆኑን፣ አስቀድሞ ያልተነገረ ጭማሪ በፈቃድ መስጠት ግን መልካም አከፋፈል መሆኑን፣ ነቢዩም (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) ሲከፍሉ አሳምረው ይከፍሉ እንደነበር ነገሩን። አባታችን ጨምሮ ላከ። ልጅቷ ደወለች። ገንዘቡን መቀበሏን ተናግራ "አባቴ ሲሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ይንገሩኝ" አለችው። አባታችን ትንፋሹ እየተቆረጠ፣ እያረፈ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል አወራላት።

በሽታውን ብንደብቀው ኖሮ ይህ ስልክ አይደወልም ነበር። የመንገርን ጥቅም ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለንም።

ወሲያውን ሲጽፍ ደግሞ እናታችን አለቀሰች። ብዙ ሰው ወሲያ መጻፍ ሞትን መጥራት ይመስለዋል። የሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስን (ረዲየላሁ ዐንሁ) ታሪክ ያነበብንላት ያኔ ነው። በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በስንብቱ ሐጅ ጊዜ፣ ሰዕድ መካ ውስጥ ለሞት የሚያደርስ ሕመም ታመመ። ነቢዩ (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) ሊጠይቁት መጡ። ያኔ የነበረችው አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ስለሆነች አብዛኛውን ንብረቱን ለሶደቃ ሊናዘዝ ፈለገ። ከሲሶ እንዳያልፍ፣ ሲሶውም ብዙ እንደሆነ፣ ወራሾቹን ለልመና ከመዳረግ አብቅቷቸው መሄድ እንደሚሻል ነገሩት። ሰዕድ ያን ቀን ስለ ወሲያው ተነጋገረ፤ ግን አልሞተም። በቃዲሲያ ጦርነት የሙስሊሞችን ሠራዊት መራ፣ ሌሎች ልጆችም ወለደ፣ ከዚያ ሕመም በኋላ ከ40 ዓመት በላይ ኖረ። ወሲያ ዕድሜን አያሳጥርም።

ከሕክምናው ታሪክም አንድ እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ ዶክተር ኤቫርትስ ግራሃም የተባለ ቀዶ ሐኪም የሳንባ ካንሰር የያዘውን የአንድ ሰው ሙሉ ሳንባ አወጣ። በሽተኛው ራሱም ሐኪም ነበር፤ ጄምስ ጊልሞር ይባላል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን ኦፕራሲዮን ተደርጎለት የተረፈ የካንሰር በሽተኛ አልነበረም። ሰውየው ከኦፕራሲዮኑ በፊት ወደ ከተማው ተመልሶ ሁለት ነገር እንዳደረገ ይነገራል፤ የመቃብር ቦታ ገዛ፣ ጥርሱን ደግሞ በወርቅ አስሞላ። ለሞቱም ለዕድሜውም ተዘጋጀ። 30 ዓመት ኖረ። ዶክተር ግራሃም ግን አጫሽ ነበር፤ ሲጋራ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ ካሳዩት የ1950 ጥናቶች የአንዱ ተባባሪ ሆኖ ሳለ፣ በ1957 በዚያው በሽታ ሞተ። በሽተኛው ሐኪሙን ቀበረው ማለት ነው። አጀል በማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ይህ ይበቃል። አባታችን ይህን ሲሰማ ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ "እኔ የወርቅ ጥርስ ይቅርብኝ፣ መነጽሬን ቀይሩልኝ" አለ። ቀየርንለት።

ገላን ማዘጋጀት

ግመልን አስሮ በአላህ ስለመመካት የመጣውን ሐዲስ ሁላችንም እንደጋግመዋለን። የእኛ ግመል የአባታችን ትንፋሽ ነው። አንድ የሳንባ ክፍል የሚወጣለት ሰው በቀረው ሳንባው ጠንክሮ መግባት አለበት። ስለዚህ ሰባቱ ሳምንት የሥራ ሳምንታት ሆኑ።

ከሆስፒታል ሦስት ትንንሽ ኳሶች ያሏት የፕላስቲክ መሣሪያ አዘዙለት። በቱቦዋ አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ኳሶቹ ይነሣሉ። ነቅቶ ባለበት በየሰዓቱ አሥር ጊዜ ይስባል። መጀመሪያ አንዷን ኳስ ብቻ ነበር የሚያነሣው፤ አሁን ሁለቱን ያነሣል፣ ሦስተኛዋ ትንቀጠቀጣለች። ትራስ ደረቱ ላይ አቅፎ ማሳልም ተምሯል፤ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አክታውን ማውጣት ካልቻለ ሳንባው ሊያመረቅዝ ስለሚችል ነው። በየቀኑ ይራመዳል። መስጊዱ ድረስ ሜዳ ነው፤ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በዳገቱ በኩል ዞሮ መሄድ ጀመረ። ከመካከላችን አንዳችን አብረነው እንሄዳለን። ሲደክመው ቆመን የመንገዱን መኪና እናያለን፤ የትኛው ሹፌር ማርሽ መቀየር እንደማይችል ይነግረናል።

ምግብ ላይ ተከራክረን ነበር። አባታችን ሰኞና ሐሙስ የሚጾም ሰው ነው። ሐኪሙ ክብደቱ ቀንሷል፣ ይብላ አለ። ባሪያ ሲታመም በጤናው ይሠራው የነበረው መልካም ሥራ እንደሚጻፍለት በሐዲስ መምጣቱን ሸኹ ሲነግሩት ነው ሱናውን ጾም የተወው። እንቁላል፣ ወተት፣ ምስር፣ ሥጋ፣ ትንሽ ትንሽ እየሆነ ቶሎ ቶሎ ይቀርብለታል። አፉንም በደንብ እንዲያጸዳ ተነግሮታል፤ የአፍ ጀርም ወደ ሳንባ ወርዶ እንዳያስቸግር። ሲዋክ ከኪሱ የማይለየው ሰው ስለሆነ በዚህ አልተቸገርንም።

ዘመድ ማርና ጥቁር አዝሙድ ያመጣል። እናከብራለን። ግን የሚወስደውን ሁሉ፣ ቅጠልም ይሁን ዱቄት፣ ለሐኪሙ ነግረናል። አንዳንዱ ነገር የደም መርጋትን ወይም ማደንዘዣውን ሊነካ ይችላል። የደም ማቅጠኛ የሚወስድ በሽተኛም በራሱ ማቆም የለበትም፤ የሚያስቆመው ሐኪሙ ነው።

ለምታጨሱ ወንድሞች አንድ ቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከኦፕራሲዮን በፊት ቢያንስ አራት ሳምንት ሲጋራ ያቆመ ሰው ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚደርስበት ችግር ይቀንሳል። በሽታው ከመጣ በኋላም ማቆም ይጠቅማል ማለት ነው። ዐርብ ማታ ሺሻ ቤት ለምትሰበሰቡት ደግሞ፣ ጭሱ በውኃ ስላለፈ አይጣራም። ይህን የምንላችሁ ልንወቅሳችሁ አይደለም። የአባታችንን ሳል ሌሊት ከሚቀጥለው ክፍል ሆነን ስለምንሰማው ነው።

ለጠያቂዎች

ዚያራ የሙስሊም በሙስሊም ላይ ያለው ሐቅ ነው። ጠያቂ ባይኖር እናታችን ባልቻለችው ነበር። አላህ ሁላችሁንም ምንዳችሁን ይክፈላችሁ። ሆኖም ከአንዳንድ ጠያቂ አፍ የሚወጣው ከበሽታው ያልተናነሰ ይጎዳል።

አንድ አጎታችን "ካንሰርን ቢላ ከነካው ይበተናል፤ አታስነኩት" አሉ፤ በሁላችን ፊት። አባታችን ያን ሌሊት አልተኛም። በማግሥቱ ከሐኪሙ ጋር በስልክ አገናኘነው። ሐኪሙ እንዲህ ብሎ አስረዳው፦ ብዙ ሰው ወደ ሆስፒታል የሚመጣው በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ስለሆነ፣ ተከፍቶ ሲታይ የማይወጣ ሆኖ ይገኛል፤ ሰውየው ሲሞት ቢላው ተወቀሰ። በጊዜ የተገኘን ካንሰር ግን ለማዳን ከፍተኛው ተስፋ ማውጣቱ ነው። አጎታችን "ቀደር ነው፣ ምን ያሯሩጣችኋል" ላሉትም ሸኹ መለሱላቸው። ዑመር (ረዲየላሁ ዐንሁ) ወረርሽኝ ወዳለበት ወደ ሻም አገር ላለመግባት ሲመለሱ ከአላህ ቀደር ትሸሻለህ ወይ ተብለው ተጠይቀው ነበር፤ ከአንዱ ቀደር ወደ ሌላው ቀደር እንደሚሄዱ ነበር የመለሱት። ሕክምናውም ቀደር ነው። አጎታችን አሁን ደም ሊሰጡ ከሚመጡት ልጆቻቸው ጋር አዲስ አበባ ሊሄዱ ተዘጋጅተዋል።

ሌላው "ያ ሲጋራህ እኮ ነው ሐጂ" የሚለው ነው። አባታችን ያውቀዋል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ተውበት ያደረገበትን ነገር አልጋው ላይ ሆኖ ሰው ለምን ያነሣበታል? ደግሞም አንድም ሲጋራ ሳይነኩ፣ በማገዶ ጭስ ውስጥ ሲያበስሉ ኖረው የሚያዙ እናቶች አሉ።

ስለዚህ ስትጠይቁ አጭር ቆዩ። በዚያው በሽታ የሞተ የምታውቁትን ሰው ታሪክ አታንሡ። የሰማችሁትን መድኃኒት በበሽተኛው ፊት ሳይሆን ለቤተሰቡ ለብቻ ንገሩ። ጉንፋን የያዛችሁ እንደሆነ ደውሉ እንጂ አትምጡ። ነቢዩ (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) በሽተኛ ሲጠይቁ የሚሉት አጭር ነበር፤ ምንም እንደማይሆንና በአላህ ፈቃድ ማጥሪያ እንደሚሆንለት የሚገልጽ ተስፋ። አንድ የድሮ ባልደረባው መጥቶ ሰላም ብሎት፣ ዱዓ አድርጎለት፣ የግቢያችንን የተሰበረ ቧንቧ ጠግኖ ሄደ። አባታችን እስከ አሁን የሚያነሣው የእሱን ዚያራ ነው።

ሶላቱ

አባታችን ከኦፕራሲዮኑ ይልቅ ሲጨነቅ የነበረው ስለ ሶላቱ ነው። ደረቱ ላይ ቱቦ ይገባለታል፤ ለቀናት ውሎ ያድራል። ሱጁድ ማድረግ ቢያቅተኝስ? ውዱእስ? ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረዲየላሁ ዐንሁ) ኪንታሮት ይዞት ስለ ሶላቱ ጠይቆ ነበር። ቆሞ፣ ካልቻለ ተቀምጦ፣ ካልቻለም በጎኑ እንዲሰግድ ነው የተነገረው። ሸኹ በተጨማሪ ተየሙምን አሳዩት፣ ማደንዘዣው የሶላት ወቅት ቢወስድበት ምን እንደሚያደርግ አስረዱት። በሽተኛ ያላችሁ ይህን ቀድማችሁ የምታምኗቸውን ዓሊም ጠይቁ፤ አልጋ ላይ ሆኖ የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም። ከማደንዘዣ በፊት ስላለው ጾም ግን ሐኪሙ የሚለውን ያዙ። ብዙ ጊዜ ምግብ ቢያንስ ስድስት ሰዓት፣ ንጹሕ ውኃ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይቆማል።

አንድ ሌሊት ደግሞ "የሚያወጡትን ምን ያደርጉታል?" ብሎ ጠየቀ። ማናችንም አስበነው አናውቅም ነበር። ወደ ምርመራ ክፍል እንደሚሄድ፣ የቀጣዩ ሕክምና ዓይነት ከዚያ ምርመራ እንደሚወሰን ሐኪሙ ነገረን። ሸኹም ለምርመራው ሐጃ ስላለ ችግር እንደሌለው፣ ቢቻል በመጨረሻ መቀበሩ ጥሩ እንደሆነ ነገሩት። ልቡ አረፈ። አየ፣ በሽተኛ ስንት ነገር ያስባል! የሚጠይቀው ሰው ካገኘ ነው የሚናገረው።

እኛስ?

ሥራውን ተከፋፍለነዋል። እህታችን ከሐኪሞቹ ጋር ትነጋገራለች፤ ወረቀቱ ሁሉ በአንድ ፎልደር በእሷ እጅ ነው። ታላቃችን ወጪውን ይዟል። ከሁለታችን አንዱ ደም የሚሰጡትን ያሰባስባል፤ ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ከ45 ኪሎ በላይ የሚመዝንና ጤነኛ የሆነ ሰው በየሦስት ወሩ ደም መስጠት ይችላል፣ ከሰፈሩ ጀመዓ ስምንት ወጣት ስሙን አስመዝግቧል። ሌላው ሆስፒታል ውስጥ አስታማሚ ሆኖ ያድራል። ገንዘቡ ሲጎድል አንድ ሰው በወለድ ሊያበድረን ሐሳብ አቀረበ፤ አባታችን "ከአንዱ ዕዳ ወጥቼ ወደ ባሰው አታግቡኝ" አለ። የመስጊዱ ሰዎች ያለ ወለድ አበደሩን። አላህ በረካ ያድርግላቸው።

እናታችንን እንዳንረሳ እንተሳሰባለን። 41 ዓመት አብራው ኖራለች። ሁሉም ሰው "ሐጂ እንዴት አደሩ?" ይላታል፤ "አንቺስ እንዴት አደርሽ?" የሚላት የለም። አሁን በየምሽቱ አንዳችን ከእሷ ጋር ብቻ እንቀመጣለን፤ ብዙ ጊዜ ቡና አፍልታ ዝም ትላለች፣ እኛም ዝም እንላለን።

እንፈራለን። ተወኩል ፍርሃትን አያጠፋም፤ ያዕቆብ (ዐለይሂ ሰላም) ነቢይ ሆነው ስለ ልጃቸው እስኪታወሩ አልቅሰዋል። ታላቃችን በስልክ ሲያወራ ድምፁ ይቆረጣል፤ "ኔትወርክ ነው" ይላል። እናውቃለን፤ አናጋልጠውም። ፈቃድ አግኝቷል፣ ከኦፕራሲዮኑ ሦስት ቀን በፊት ይደርሳል።

ባለፈው ጁሙዓ አባታችን አራታችንንም በስልክና በአካል አሰባስቦ "አፉ በሉኝ" አለን። እኛም "አፉ በለን" አልነው። ስንት ቤት አለ አባትና ልጅ ይህን ሳይባባሉ የሚለያዩበት? የእናንተ አባትና እናት ዛሬ ጤነኛ ከሆኑ ይህን ለመባባል በሽታ አትጠብቁ። ዛሬ ደውሉ። የሚያስል ካለ አስመርምሩት። የደበቃችሁት ውጤት ካለ ደግሞ ዓሊምም ሐኪምም አማክራችሁ፣ በለሰለሰ አንደበት፣ ለባለቤቱ ስጡት። የእሱ ነው።

ከእናንተ የምንፈልገው ዱዓ ነው። ዛሬ ሌሊት የምትነሡ ካላችሁ፣ በሱጁዳችሁ ውስጥ አንድ የአሰብ መንገድ ሹፌር አስታውሱልን። አላህ የሐኪሞቹን እጅ ያጽናልን፣ ያለ ሥቃይ ዓፊያውን ይመልስልን፣ በየሆስፒታሉ ተራ የሚጠብቁትን ሁሉ ያሽርልን። የወሰነው ሌላ ከሆነም በመልካም ያድርግልን፣ እሱ የወደደውን እንድንወድ ልባችንን ያስፋልን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።